ቁጥር 3 ማሾ

የእድራችን እቃ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የድንኳን ሸራ ሽታ ነው፣ ዝናብ መቶት በደንብ ሳይደርቅ የተጠቀለለ ሸራ፣ ከዛ የትልልቆቹ ድስቶች ጥላሸት፣ ከዛ ደግሞ ከጥጉ በኩል ስስ የላምባ ሽታ አለ። አምና ክረምት ንብረት ቆጠራ ሲደረግ የእድሩ ፀሐፊ ስለሆንኩ መዝገብ ይዤ ገባሁና ያንን ሽታ ተከትዬ ስሄድ ከተሰበሩት አግዳሚ ወንበሮች ጀርባ በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ነገር አገኘሁ። ስፈታው አራት ማሾ።

ለልጆቹ መጀመሪያ ልንገራቸው፣ ማሾ ስል የሚቀቀለውን እህል አይደለም። በላምባ የሚሰራ ትልቅ መብራት ነው፣ ከታች ላምባው የሚቀመጥበት ሆድ አለው፣ ጎኑ ላይ ፓምፕ አለ፣ አየር ይሞላና ሹሹሹሹ እያለ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። ኩራዝ ፊትህን ያሳይሃል፣ ማሾ ግቢውን ሙሉ ያሳይሃል። መብራት ባልገባበት ወይ በጠፋበት ሰፈር ሰርግም ለቅሶም ማኅሌትም በማሾ ነበር የሚታደረው፣ የሌለው ይዋሳል፣ እድር ያለው ደግሞ ከእድሩ ያወጣል።

የእድሩ ዳኛ አይተውት "ይሄማ ለቆራሌው ነው እንጂ ከእንግዲህ ምን ይሰራል" አሉ። እኔ መዝገቡ ላይ "የማይሰራ" ብዬ እንድጽፍ እየጠበቁ ነው፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፣ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ልሞክራቸውና ካልሆነ ያኔ ይሸጣሉ አልኩ፣ ንብረትነታቸው የእድሩ መሆኑን ተፈራርመን ወሰድኳቸው። ከአዳማው ፍራንኮ ሰፈር እስከ ቤቴ ባጃጅ ውስጥ እግሬ ስር እየተንኳኩ ሄዱ።

ለምን እምቢ እንዳለኝ ባጃጁ ውስጥ ነው የገባኝ። አባቴ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያን ሰሞን የሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ድንኳኑ ውስጥ ማሾ ተሰቅሎ ነበር የሚታደረው። ሰው ፊት ካየሁ አለቅሳለሁ፣ ስለዚህ ማሾውን ነበር ሌሊቱን ሙሉ የማየው፣ ዓይኔን እስኪያመኝ። ብርሃኑ ቀስ እያለ ደከም ሲል የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ተነስቶ ያወርደዋል፣ በፓምፑ ሃያ ሰላሳ ጊዜ ይነፋዋል፣ እንደገና ይደምቃል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ካርታ የሚጫወቱት ጎረምሶች ለዛ ያህል ጊዜ ካርታቸውን ይዘው ይጠብቁታል። ከዛ ለሊት የማስታውሰው ሌላ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ቤቴ አስራ አንድ ማሾ አለ። አራቱ የእድሩ፣ ሰባቱ የኔ፣ ከቆራሌዎች የገዛኋቸው፣ አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ከብረት ክምር ስር የወጣ። አንድም ጀርመን የለበትም። ይሄን የምለው ስለ ማሾ የሚያወሩ ሰዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ፔትሮማክስ ነው?" ስለሆነ ነው፣ ቻይና ነው ስትሉ ፊታቸው ይቀዘቅዛል። ፔትሮማክስ የጀርመን ነው፣ በርሊን የነበረ የኤሪሽ እና ግሬትስ ፋብሪካ ነው ያወጣው፣ ስሙም ከፔትሮሊየምና ማክስ ግሬትስ ከሚባለው ሰው ስም የተገጣጠመ ነው። ጥሩ መብራት ነው፣ አልክድም። ቻይናዎቹ ያንኑ ቅርፅ ወስደው በራሳቸው ፋብሪካ እየሰሩ ለኤሽያና ለአፍሪካ ሲሸጡ ኖረዋል፣ አንዱ ቢራቢሮ ምልክት ያለው በተርፍላይ ነው፣ አንዱ መልህቅ ያለበት አንከር ነው። የእድራችን ሁለቱ ቢራቢሮ ሁለቱ መልህቅ ናቸው። ብረታቸው ሳሳ ያለ ነው፣ የብሎን ጥርሳቸው አንዳንዴ በደንብ አልወጣም፣ ይሄ እውነት ነው። ግን እኛ ሰፈር ለቅሶ ያደረው በነሱ ነው፣ ሙሽራ የተሸኘው በነሱ ነው፣ ደሞ ማንም መፍታትና መግጠም የሚችል ሰው በካቻቢቴና በፒንሳ ይጠግናቸዋል፣ ብዙ ጊዜም የጀርመኑ መርፌ፣ የላምባው ተን የሚወጣበትን ጠባብ ቀዳዳ የሚጠርገው፣ ለቻይናው ይገባል። የሰራልህን እቃ በሀገሩ አትንቀውም።

እኔ የምሰራው በረንዳ ላይ ነው። የአዳማ ንፋስ የታወቀ ነው፣ ብሎን አስቀምጠህ ዞር ካልክ አቧራ ይለብሳል። ቀና ስል ከኮረብታው ላይ የንፋስ ተርባይኖቹ ሲዞሩ ይታዩኛል። ሁለተኛው የአዳማ የንፋስ ኃይል ማመንጫ በ2007 ዓ.ም. ሲመረቅ 102 ተርባይን ነበረው፣ 153 ሜጋ ዋት፣ የሰሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ጭኔ ላይ ያለው ማሾም ከዛው ሀገር ነው። አንዳንዴ ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው እጄን አቁሜ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

ወደ ስራው ልግባ። ማሾ አልበራ ሲል ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው መርፌውን ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ ፓምፑን ክፈቱ ነው የምለው። ፓምፑ ውስጥ ዘንግ አለ፣ ጫፉ ላይ እንደ ትንሽዬ ሲኒ የታጠፈ ቆዳ አለ። አየሩን የሚገፋው እሱ ነው፣ ወደታች ስትጫነው ከንፈሩ ተከፍቶ የቱቦውን ግድግዳ ይይዛል፣ ስትስበው ሰብሰብ ብሎ አየር ያሳልፋል። ሃያ ዓመት ዘይት ያላየ ቆዳ ቋንጣ ነው፣ የእድሩ ቁጥር 1 ማሾ ቆዳ ገና ስነካው እጄ ላይ ተሰባበረ።

አዲሱን ከየት ላምጣ ብዬ ስጨነቅ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ጫማ ሰፊ አለ፣ አሳየሁት። ስብርባሪውን መዳፉ ላይ አድርጎ እያገላበጠ ብዙ ቆየና ከአሮጌ የወንድ ጫማ ምላስ ላይ ክብ አድርጎ ቆረጠልኝ፣ መሀሉን በወስፌ በሳው። "ቅርፁን አንቺ ነሽ የምታወጪው፣ አርጥቢውና በሆነ ነገር ውስጥ ጨቁነሽ አሳድሪው" አለኝ። ቤት ገብቼ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ ልስልስ ሲል ከወንድሜ የመፍቻ ሳጥን ውስጥ ልኩ የሆነ ቡሶላ ፈልጌ አፉ ላይ ዘረጋሁት፣ ከዛ ቀጭኑን ባትሪ ድንጋይ ከላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ ገፋሁት። አደረ። ጠዋት ባትሪ ድንጋዩን ስስበው ቆዳው ሲኒ ሆኗል፣ ከንፈሩ ትንሽ ወጣ ያለ፣ እንደተፈለገው። የስፌት መኪና ዘይት ውስጥ አንድ ቀን አቆየሁትና ገጠምኩት። መጀመሪያ ስጫን ምንም የለም፣ ሁለተኛ ምንም የለም፣ አራተኛው ላይ እጄን ወደ ላይ መለሰው። አየር ይዟል ማለት ነው። ብቻዬን እልል አልኩ፣ እናቴ ምን ሆነሽ ነው ብላ ከጓዳ ወጣች።

ከፓምፑ ስር አየር አስገብቶ የማያስወጣ ትንሽዬ ቫልቭ አለች፣ ጎሚኒዋ ካረጀ ላምባው ወደ ፓምፑ ይገባና እጀታው ራሱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይሄን ካያችሁ ሌላ ቦታ አትልፉ። ሆዱ ይተነፍስ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ባዶውን አየር ሞልቼ ሳፋ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ ጎሚስታ ከመነዳሪ እንደሚፈትሸው፣ አረፋ ያለበት ያፈሳል። ማብሪያው ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት ላይ የእርሳስ ማሸጊያ አለች፣ የቁጥር 4 ጠፍታ ስለነበር ከቆቃ ዓሣ አጥማጅ የመረብ ክብደት የሆነች እርሳስ ለምኜ ቀጥቅጬ ሰራሁላት። የረጋውን አሮጌ ላምባ ለማስወጣት ሙቅ ውሃና ኦሞ ከአንድ እፍኝ ሩዝ ጋር ከቶ መናጥ ነው። ነሐሱን ሎሚና ጨው ያጠራዋል፣ ከዛ በላይ ምንም አያስፈልግም። ይሄን በኋላ ነው ያወቅኩት፣ ወደሱ እመጣለሁ።

አበራሩን ያስተማሩኝ አባባ ናቸው፣ የድሮው ጥሩንባ ነፊ። አሁን ከሰማንያ አልፈዋል፣ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፣ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። እኔ እንደገባኝ ማሾ ማብራት የመቸኮል ነገር አይወድም። መጀመሪያ ካልሲዋ አለች፣ እኛ ቤት ካልሲ ነው የምንላት፣ የሕፃን ካልሲ የምታክል ነጭ የክር ከረጢት ናት፣ ታስራ ትንጠለጠላለች። አዲስ ስትሆን ክር ናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሳት ሲነካት ክሩ ይቃጠልና የሚቀረው አመድ ነው፣ ያ አመድ ነው የሚያበራው። ይሄን ያገኘው ካርል አውወር የሚባል የኦስትሪያ ኬሚስት ነው፣ የመጀመሪያው የፈጠራ መብቱ በ1885 እ.ኤ.አ. ነው፣ በኋላ በ1891 ክሩን 99 እጅ ቶሪየም 1 እጅ ሴሪየም ባለበት ውህድ ሲነክረው ነው ያሁኑ ነጭ ብርሃን የመጣው። ቶሪየም ጥቂት ጨረር አለው፣ ስለዚህ የተሰበረች ካልሲ አመዷን አትተንፍሱት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና እጅ ታጠቡ። የተቃጠለች ካልሲ ከሸረሪት ድር አትሻልም፣ በጣት ከነካችኋት አለቀ፣ ባጃጅ ጉድጓድ ሲገባም ትረግፋለች።

ከካልሲዋ ቀጥሎ ላምባው የሚያልፍበት ቱቦ ስር ያለችው ትንሽ ሲኒ ውስጥ አልኮል ይደረጋል፣ ቱቦውን ለማሞቅ። ፋርማሲ ያለው ባለ 70 ፐርሰንት አልኮል ውሃ ስላለው ሳይሞቅ ይጠፋል፣ ጠንከር ያለውን ፈልጉ። አልኮሉ ነዶ ሊያልቅ ሲል ፓምፕ ይደረግና ይከፈታል። ላምባው በሞቀው ቱቦ ሲያልፍ ተን ይሆናል፣ ተኑ ከጠባቧ ቀዳዳ ተተኩሶ ከአየር ጋር ይቀላቀልና ካልሲዋ ላይ ይነዳል፣ የካልሲዋ ሙቀት ደግሞ መልሶ ቱቦውን ያሞቃል፣ እንዲህ እየተደጋገፉ ያድራሉ። ሳይሞቅ ከተከፈተ ፈሳሽ ላምባ ይወጣና ቢጫ እሳት እስከ ኮፍያው ይነዳል፣ እኔ የመጀመሪያ ቀን ይሄ ደርሶብኛል፣ የበረንዳችን ጣሪያ እስከዛሬ ጥቁር ነው። በእግዚአብሔር ስም ቤንዚን እንዳታደርጉበት፣ በላምባ የሚሰራ ነው፣ ቤንዚን ያፈነዳዋል። በርና መስኮት ዘግታችሁም አታብሩት።

አሁን ወደ ቁጥር 3።

ከአራቱ በጣም የከፋው እሱ ነበር። ጥላሸት በጥላሸት፣ ሆዱ በአንድ በኩል ጎድጉዶ ገብቷል፣ ኒኬሉ ተልጦ አረንጓዴ አውጥቷል። ገና ጀማሪ ነበርኩ፣ ይሄ በኔ እጅ አይሆንም ብዬ ኒኬል የሚነክር ቤት ወሰድኩት። "እንደ አዲስ አድርጉልኝ" አልኩ፣ በራሴ አፍ። ከሶስት ሳምንት በኋላ ስቀበለው እንደ አዲስ ነበር። ጉድጓዱ ተገፍቶ ወጥቷል፣ ፊቴ ይታይበታል፣ መልህቁ ብዙም አይታይም። የከፈልኩት ገንዘብ ሌሎቹን ሶስቱን ለመጠገን ካወጣሁት ይበልጥ ነበር፣ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

ከዛ ሌሎቹን በሎሚ ማጠብ ስጀምር ከስራቸው ጽሑፍ መውጣት ጀመረ። በሚስማር የተጫረ፣ ወጣ ገባ ያለ፣ "የእድር ቁ. 1"፣ "የእድር ቁ. 2"፣ "ቁ. 4"። ቁጥር 3ን አንስቼ ገለበጥኩት። መስታወት ነው። ጥላሸቱ ስር ነበር፣ አላየሁትም፣ ማሽኑ ፈግፍጎ ወስዶታል።

አራቱንም ይዤ አባባ ጋ የሄድኩ ቀን አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ደረደርኩላቸው። ዓይናቸው ስለማያይ በእጅ ነው የያዙት። የመጀመሪያውን አንስተው ከስር በአውራ ጣታቸው ዳበሱና "አንድ" አሉ። ሁለተኛውን "ይሄ የሴቶቹ ነው፣ ሁለት"። ሌላውን ገና መያዣውን ሲነኩ ሳቁ፣ መያዣው በሽቦ የታሰረ ነው፣ "እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ ከኤሌክትሪክ ሰራተኛ ለምኜ፣ አራት"። እኔ ያንን ሽቦ ቆርጬ ልጥል በማግስቱ ቀጠሮ ይዤለት ነበር።

የቀረውን ሰጠኋቸው። ሆዱን በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙት፣ አዞሩት፣ ጎኑን ፈለጉ፣ ገልብጠው ከስሩ በአውራ ጣታቸው አንዴ ሄዱበት፣ መለሱ፣ እንደገና ሄዱበት።

"ይሄ የኛ አይደለም ልጄ። ሶስትን ማን ወሰደው?"

"እሱ ነው አባባ።"

"አይደለም። ሶስት እዚህ ጋ ገብቷል፣ የሰርግ ለት ከባላው ወድቆ። ይሄ የተገዛ ነው።"

ያደረግኩትን ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ ብቻ ጣታቸው ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ ላይ ቆየ። ከዛ "ይበራል?" አሉ። ይበራል አልኩ። "አብሪዋ።" አበራሁት፣ ፓምፑ ላይ ስቸኩል በሹሹታው ሰምተው "ቀስ፣ ቀስ፣ አታስጨንቂው" አሉኝ። ሲደምቅ ሙቀቱ እንዲሰማቸው ፊታቸውን ወደሱ አደረጉ። ብዙ ጊዜ ልጠይቃቸው የፈለግኩትን ያኔ ጠየቅኳቸው፣ የአባቴ ለቅሶ ለት የትኛው ነበር የተሰቀለው።

"ለቅሶ ሁሌ ሁለት ነው የሚወጣው" አሉ፣ "ቁጥር ሁለት ለሴቶቹ ማብሰያው ጋ፣ ድንኳን ውስጥ ቁጥር ሶስት። ሶስት አሳፍሮኝ አያውቅም።"

ከዛ ወዲህ የማስተካክለው እንዲበራ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ቆዳ፣ ጎሚኒ፣ መርፌ፣ እርሳስ። ሽቦው አለ፣ ጉድጓድ ያለው ጉድጓዱን ይዞ አለ፣ ከቆራሌ የገዛሁት አንዱ ሆዱ ላይ በስታኞ የተደፈነ ቁስል አለው፣ ደፋኙ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ስራው ንጹህ ነው፣ ያፈስም የለም፣ እሱን ፍቄ አዲስ የማደርግበት ምንም ምክንያት አይታየኝም። ያማረ ነገር የሚፈልግ ሰው የተብረቀረቀ አዲስ ይግዛ፣ ይሸጣል። ሚስማር ወስጄ አባባን ቁጥሩን መልሰው እንዲጭሩልኝም ለምኛቸው ነበር። "በመዝገብሽ ጻፊው" ብለው ሚስማሩን መለሱልኝ።

ህዳር ላይ ከኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ለቅሶ ነበረ፣ በሁለተኛው ለሊት መብራት ሄደ። ሰው ስልኩን ማብራት ጀመረ፣ የስልክ መብራት ደግሞ ለቅሶ ላይ ደስ አይልም፣ ፊት ላይ ይተኩሳል። ሮጬ ሄጄ 1፣ 3 እና 4ን አመጣሁ። 1ን ማብሰያው ጋ ሰጠሁ፣ 4ን በሩ ላይ፣ 3 ድንኳን ውስጥ ተሰቀለ። የልጅ ልጃቸው አባባን ደግፎ አመጣቸው፣ ከባላው ስር ወንበር ተሰጣቸው። ካርታ የያዙት ልጆች አብዛኞቹ ማሾ አይተው የማያውቁ ናቸው፣ መጀመሪያ ድምፁን ጋዝ የሚያፈስ መስሏቸው ፈሩት፣ በኋላ ለመዱት። ብርሃኑ ከመድከሙ በፊት ድምፁ ነው የሚሳሳው፣ አባባ ይሰሙትና እጃቸውን ያነሳሉ፣ አንዱ ጎረምሳ ያወርድላቸዋል፣ ራሳቸው ይነፉታል። እስኪነጋ አምስት ጊዜ ነፉት። ማለዳ ላይ ዳኛው ሲሄዱ ቆም ብለው ወደላይ አዩት፣ ምንም አላሉም፣ ግን በሳምንቱ ስብሰባ የላምባ መግዣ ከእድሩ ካዝና ይውጣ ያሉት ራሳቸው ናቸው።

መዝገቡን አስተካክዬዋለሁ። "ማሾ፣ ብዛት 4፣ የሚሰሩ 3። የቁ. 3 ቁጥር በጥገና ጠፍቷል፣ ድንኳን ውስጥ የሚሰቀለው ነው። ቁ. 2 መስታወት የለውም።" ለቁጥር 2 ምናለሽ ተራ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ ያገኘሁት መስታወት በአንድ ጣት ጠቦ አልገባ አለ፣ ከጥምቀት በኋላ እንደገና እሄዳለሁ፣ አሮጌ መስታወት ቤቱ ያለው ሰው ካለ ተሰነጠቀ ብሎ እንዳይጥለው፣ ስንጥቁ ትንሽ ከሆነ እኔ እወስደዋለሁ።